ክንዴን ሸፍኜ ጎንደር የሄድኩበት ቅዳሜ

ያ ቅዳሜ ለአባቴ የሽርሽር ቀን ነበር፤ ቢያንስ እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ። እኔ ግን ገና ከአይከል ሳንነሣ ፈርቼ ነበር። ዛሬ አርጅቼ ስጽፈው እንኳ አንዳንዴ ብዕሬን አስቀምጬ ግራ ክንዴን አየዋለሁ።

አባቴ ቄስ ነበር። በወጣትነቱ ጎንደር ከደብር ደብር እየዞረ ዜማና ቅኔ ተምሮ፣ በኋላ አይከል መጥቶ እናታችንን አግብቶ ቀረ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ እዚያው ጎንደር አዲስ የተከፈተ የጤና ትምህርት ቤት ገብቶ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ኅዳር እንደገባ ደብዳቤ ላከልን። «ጾሙ ሳይያዝ አንድ ቅዳሜ ኑ» ይላል። «ጠዋት መጥታችሁ ማታ ትመለሳላችሁ። አባባ የተማሩበትን ያሳዩን፣ እኔም የምማርበትን ላሳያችሁ።» አባቴ ደብዳቤውን ሦስቴ አነበበው። እናቴ አዝመራው መሬት ላይ እያለ አልሄድም አለች። «እንግዲያው ከልጄ ጋር እሄዳለሁ» አለ አባቴ። «በጥር መዳሯ ነው። ሳትዳር የጎንደርን ግንብ ትይ።»

እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አልሄድም ለማለት ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

የፈራሁት ነገር በግራ ክንዴ ላይ፣ ከክርኔ ዝቅ ብሎ ነበር። ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲል፣ ለሠርጌ የሚሆን ሌማት ስሰፋ ወስፌው አዳልጦኝ ክንዴ ላይ ተተከለ። ደሙን አየሁት። ሕመሙ ግን አልመጣም። ቆይቶ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ደሙን ጠርጌ ሳየው ቆዳዬ እዚያ ቦታ ላይ ከሌላው ገርጥቷል። የእንቁላል ያህል ስፋት አለው። በጥፍሬ ቆነጠጥኩት፤ የሌላ ሰው ሥጋ የቆነጠጥኩ ያህል ነበር።

ይኼ ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አላስፈለገኝም። በሠፈራችን አንድ ገበሬ ነበር። እሳት ዳር ተቀምጦ ፍም በጣቱ እያነሣ ሰው ያስቅ ነበር፤ እኛም ልጆች ሆነን ስቀናል። በሁለተኛው ዓመት ጣቶቹ መቁሰል ጀመሩ። በሦስተኛው ዓመት ሰው ከሱ ጋር መብላት ተወ። አንድ ቀን ከሠፈር ጠፋ፤ ወዴት እንደሄደ የጠየቀም የለም። ሁለቱን ሴት ልጆቹን ግን እስከ ዛሬ ሳስባቸው ያንገበግቡኛል። ማንም አላገባቸውም። እኛ አገር ሰው ልጁን ሲድር እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ መጀመሪያ የሚጠይቀውም «ከዘሩ ቆማጣ የለበትም ወይ?» ብሎ ነው። የኔ አማቾች ሽማግሌ ልከው ይኼንኑ ጠይቀው፣ «ንጹሕ የካህን ዘር» ተብለው ነበር የሄዱት።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ አባቴ ነበር። ኦሪቱን ሲያነብ ሰምቻለሁ፤ ደዌ ያለበት ሰው ለካህን ይታያል፣ ካህኑም ርኩስ ነው ካለ ከሰፈር ውጭ ብቻውን ይቀመጣል። የኔ ካህን አባቴ ነው። እና አራት ወር ሙሉ እጀ ረጅም ለብሼ፣ ሳጥብ እጅጌዬን ሳልሰበስብ፣ ለእናቴም ሳልናገር ቆየሁ።

ወደ ቅዳሜ ገበያ እህል በምትጭን ማኪና ላይ ነበር የሄድነው። ጆንያዎቹ ላይ ተቀመጥን። ከጎናችን ማኪና ተሳፍረው የማያውቁ አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ ማኪናዋ ስትጮህ «ባቡር የሚሉት ይኼ ነው እንዴ አባ?» ብለው አባቴን ጠየቁት። «የለም እናቴ፣ ባቡር ሐዲድ ላይ ነው የሚሄደው። እኛ አገር አልደረሰም» አላቸው። «ምነው ይኼም ባልደረሰ!» አሉና አማተቡ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ።

መንገዱ ጣሊያን የቆረጠው ጠባብ መንገድ ነው። ሾፌሩ ገደሉ ጫፍ ላይ ሲታጠፍ ማኪናዋ ወደ አንድ ጎን አጋደለችና አባቴ እንዳልወድቅ ክንዴን ያዘኝ። ግራ ክንዴን። ቁልቁል አየሁ። አራቱ ጣቶቹ በቀሚሴ ላይ ተጣብቀዋል፤ በዓይኔ አያቸዋለሁ እንጂ ሁለቱ አይሰሙኝም። ከጨርቁ ሥር ያለውን የሚያውቅበት ነገር እንደሌለ አእምሮዬ ያውቃል፤ ልቤ ግን ሊወጣ ደረሰ።

«ፈራሽ?» አለኝ።

«ገደሉን ነው አባባ።»

«አይዞሽ። ይኼን መንገድ ወጣት ሳለሁ በእግሬ ሁለት ቀን እሄደው ነበር። ዛሬ እንደ መኳንንት ጆንያ ላይ ተንፈላስሰን እንሄዳለን!»

አዘዞን አልፈን ጎንደር ስንደርስ ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ወንድሜ ገበያው ዳር ቆሞ ይጠብቀናል። ሱሪው የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ ነው፤ እሱ ግን ከስቷል። የአባቴን ጉልበት ስሞ ወደኔ ሲዞር ቀኝ እጄን ብቻ ሰጠሁት። «እታለም፣ ምነው እንዲህ ጠቆርሽ?» አለኝ። «ፀሐይ ነው» አልኩት።

አባቴ መጀመሪያ ወደ ተማረበት ደብር ወሰደን። አልቸኮለም፤ እየቆመ፣ እያወራ፣ አሁን የሌሉ ሰዎችን ቤት በመቋሚያው እያሳየን። ያችን ጎጆ፣ ያንን ዛፍ፣ ቆሎ ስትሰጣቸው የነበረችውን ሴት በር። ወንድሜም ይስቃል። ከተማው ፀሐይ መትቶት፣ ግንቦቹ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ብለው፣ በእውነቱ ሸጋ ቀን ነበር። እኔ ግን የማየው ሰዎች ክንዴን ያዩ እንደሆነ ነው።

ደጀ ሰላሙ ላይ ስንደርስ ሕሙማን ተሰልፈው ተቀምጠዋል። በዚያን ጊዜ በጎንደር አድባራት ደጅ የሚያድሩት ብዙ ነበሩ። አባቴ ከቋጠሮው ዳቦ አውጥቶ እየቆረሰ ሰጠኝ። «በእጅሽ ስጪያቸው፤ ለሠርግሽ ይመርቁሻል» አለኝ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰው ሰጠሁ። አራተኛዋ ሴት ነበረች፤ ከእናቴ አትበልጥም። እጇን ስትዘረጋ ጣቶቿ እስከ ግማሽ ናቸው። መዳፏ ላይ የተሠራ የእንሶስላ ምልክት አየሁ። ለበዓል ሞቃዋለች ማለት ነው፤ እንደ ማንኛዋም ሴት። ያን ጊዜ ዳቦው ከእጄ ወድቆ አፈር ላይ ተንከባለለ።

ሴትዮዋ እጇን ወደ ነጠላዋ ሰበሰበችና «አይዞሽ ልጄ፣ አልነካሽም» አለችኝ።

በቁጣ አልነበረም። ቢሆን በተሻለኝ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ዳቦውን አነሣ፤ አራግፎ ለራሱ ያዘው፤ ሌላ ቆርሶ መዳፏ ላይ አኖረላትና እጇን በሁለት እጁ ይዞ ሰላም አላት። ወደኔ ሲዞር ፊቱ ላይ ያየሁት እፍረት ነበር። «እንዲህ አይደለም ያሳደግሁሽ» አለኝ በለሆሳስ። ምን ብዬ ልመልስለት? እስዋን አልፈራኋትም፣ እዚያ ተቀምጣ የታየችኝ እኔው ራሴ ነኝ ልበለው?

ቀጥሎ የወንድሜ ተራ ሆነ። ትምህርት ቤቱ በግቢ ውስጥ የተደረደሩ ረጃጅም ቤቶች ናቸው። ቅዳሜ ስለነበር ተማሪ ጥቂት ነው። ወንድሜ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ አንድ ክፍል ከፈተልን። ጥግ ላይ የሰው አጽም ቆሟል። አባቴ በድንጋጤ አማተበ።

«ይኼ ሰው ክርስቲያን ነበር?» አለ።

«አይታወቅም አባባ።»

«ፍትሐት ተደርጎለታል?»

«እንግዲህ...» ወንድሜ ጭንቅላቱን አከከ። አባቴ አጽሙ ፊት ቆሞ አጠር ያለ ጸሎት ደገመለት። ወንድሜም እስኪጨርስ ድረስ ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆመ። ሁለቱንም የወደድኳቸው ያን ጊዜ ነው፤ ግን ፍቅሬ እንኳ በፍርሃት ውስጥ ነበር።

ምክንያቱም ያኔ ግድግዳውን አይቼ ነበር። የበሽታዎች ሥዕል ተደርድሮበታል፤ የታመመ ዓይን፣ ያበጠ አንገት፣ የሕፃን ሆድ። ከመካከላቸው አንድ ክንድ አለ። ጠይም ክንድ፣ መሐሉ ላይ የገረጣ ክብ። የኔው ነው። ሠዓሊው እቤታችን መጥቶ ተኝቼ ሳለሁ የሣለኝ ያህል ነበር። ከሥሩ የተጻፈው በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ ማንበብ አልቻልኩም። ማንበብም አላስፈለገኝም። ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ «እርቦኛል» አልኩ፤ ሳይርበኝ።

ወደ ፒያሳ ወረድን። ጣሊያኖቹ ሲሄዱ ቀርቶ ያገባ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ሻይ ቤት ነበረው። አባቴ እንደዚያ ያለ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ወንበሩን ፈትሾ ተቀመጠ። ትልቁ የቡና ማኪና እንፋሎቱን ሲተፋ ከመቀመጫው ብድግ አለና በራሱ ሳቀ። በብርጭቆ ሻይ መጣልን። አባቴ የተማሪነት ዘመኑን እያወራ፣ ውሻ ያባረረውን ሊያሳየን እጁን ሲያወናጭፍ ብርጭቆዬን መታው። የፈላው ሻይ ግራ ክንዴ ላይ ፈሰሰ።

«ውይ ልጄን! ውይ ልጄን!» አለ አባቴ። በነጠላው ሊጠርግልኝ ተንጠራራ። ያኔ ነው መጮህ እንደነበረብኝ የገባኝ። «ኧረ!» አልኩ፤ ዘግይቼ። እጄን ሰበሰብኩ፤ ዘግይቼ። «ምንም አይደል አባባ፣ በርዶ ነበር።»

ወንድሜ የራሱን ብርጭቆ በጣቱ ነካ አደረገና አየኝ። ዓይኔን ብሸሽ ያውቃል፣ ብመልስም ያውቃል። እንፋሎቱ ከጠረጴዛው ላይ ገና እየተነሣ ነበር።

ሻዩ ሲያልቅ ረጋ ብሎ «አባባ፣ እዚህ ፀሐይዋ ጥሩ ናት፤ ትንሽ ይረፉ። እታለምን አንድ ነገር ላሳያትና እንመለሳለን» አለ።

«ማኪናው ይሄድብናል» አልኩ።

«ማኪናው የሚነሣው በአሥር ሰዓት ነው።»

«ደክሞኛል።»

«ሩቅ አይደለም» አለና ተነሣ።

ደጅ ስንወጣ ለመሮጥ አሰብኩ። ወዴት እንደምሮጥ ግን አላውቅም። ጥቂት እንደሄድን ሳያየኝ ጠየቀኝ፦ «ምነው ክንድሽ አልተቃጠለም?»

«በርዶ ነበር አልኩህ እኮ።»

«አልበረደም። የኔን ነክቼ አይቻለሁ።»

«ወንድምዓለም፣ ተወኝ። በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ተወኝ። በጥር ነው ሠርጌ።»

ያን ጊዜ ቆመ። ፊቱ እንደ ጨርቅ ነጣ። እስከዚያ ድረስ ጥርጣሬ ብቻ እንደነበረውና እኔ በአፌ እንዳረጋገጥኩለት የገባኝ በኋላ ነው።

ወደዚያው ትምህርት ቤት ተመለስን። ሌላ ትንሽ ክፍል ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀመጠኝና እጅጌዬን እንድሰበስብ ጠየቀኝ። ለብቻዬ አራት ወር ያየሁትን ሌላ ሰው ሲያየው የመጀመሪያው ነበር። አልሸሸም፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ከዚያ ከጥጥ ላይ ቀጭን ጫፍ አውጥቶ ጠቀለለ።

«ዓይንሽን ጨፍኚ። በነካሁሽ ቁጥር <አዎ> በዪኝ።»

ጨፈንኩ። እጄ ላይ ተሰማኝ። «አዎ» አልኩ። ከክርኔ በላይ። «አዎ።» ከዚያ ምንም አልተሰማኝም። አለመሰማቱ አሸበረኝ፤ አሁን እየነካኝ ይሆናል፣ ዝም ካልኩ ይፈረድብኛል አልኩና «አዎ» አልኩ። ቆይቼ ደግሞ «አዎ።»

«እታለም» አለኝ። «አሁን አልነካሁሽም።»

ዓይኔን ገለጥኩ። እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር። ወንድሜ እያለቀሰ ነው።

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። «ለአባባ አትንገር! ከሰፈር ያስወጣኛል! ደጀ ሰላም ታስቀምጡኛላችሁ!» ወንድሜ ትከሻዬን ይዞ «ስሚኝ፣ መድኃኒት አለው፣ ስሚኝ» ይላል፤ እኔ ግን የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም። ስለዚህ ነው በሩ ሲከፈት ያልሰማነው። አባቴ ብቻውን መቀመጥ ሰልችቶት ተከትሎን መጥቶ ነበር።

መቋሚያውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። የኔን የተገለጠ ክንድ አየ። የወንድሜን ፊት አየ።

«አባባ፣ ይቀመጡ» አለ ወንድሜ።

«ቆሜ እሰማለሁ።»

ወንድሜ ነገረው። ስሙን ግን አልጠራውም፤ «ያ ደዌ» ነው ያለው። ገና ጅምር መሆኑን፣ እንደሚወራው በመንካት ብቻ እንደማይጋባ፣ አሁን የሚዋጥ ክኒን መገኘቱን፣ ግን ዓመታት እንደሚወስድ። የሚያስተምረው ሐኪም ሰኞ መጥቶ እስኪያረጋግጥ ጎንደር መቆየት እንዳለብኝ። አባቴ ያዳመጠው ወለሉን እያየ ነው። እኔ እግሩን እጠብቅ ነበር። እግሩ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ከሄደ፣ አለቀልኝ ማለት ነው።

«መድኃኒት አለው ነው ያልከው?»

«አለው አባባ።»

አባቴ መቋሚያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወደኔ መጣ። ክንዴን ያዘ። እዚያው ቦታ ላይ፣ በባዶ እጁ። አውራ ጣቱን በገረጣው ቆዳ ላይ ወዲያና ወዲህ አደረገው።

«ይሰማሻል?»

«አይሰማኝም አባባ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሐምሌ።»

«ከሐምሌ» አለ። «ብቻሽን?»

እጅጌዬን ራሱ አወረደልኝ።

በአሥር ሰዓት አባቴ ብቻውን ማኪናው ላይ ወጣ። ለእናቴ እውነቱን ሊነግር፣ ለሌላው ሰው ግን «ወንድሟ ዘንድ ቀረች» ሊል ተስማማን። ጆንያው ላይ ተቀምጦ አየኝ፤ ጠዋት እንደ መኳንንት የተንፈላሰሰው ሰው ትንሽ ሽማግሌ ሆኖ ነበር። ማኪናዋ ስትርቅ ዳግመኛ የማላየው መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ አይከል ሲደርስ ሐሳቡን ይለውጣል ብዬ ነበር የፈራሁት። ሰኞ ሐኪሙ ከጆሮዬ ጫፍ ቅንጣት ቆዳ ወስዶ በአጉሊ መነጽር አየና ወንድሜ ያለውን አጸና። ነጫጩን ክኒን ስውጥ ውኃው በደረቴ ላይ ፈሰሰ።

በሁለተኛው ሳምንት አባቴ መጣ፤ ልብሴንና የእናቴን በሶ ይዞ።

«አማቾችሽ ዘንድ ሄድኩ» አለኝ። «ልጄን አልሰጥም፣ ጎንደር ትምህርት አስገብቻታለሁ አልኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? ተቆጡ። ቄስ ሆኖ ቃሉን በላ አሉ።» ነጠላውን አስተካከለ። «እህሉን ከማን ጋር ነው የምትበይው? ብቻሽን እንዳትበይ።»

ከአራት ዓመት በላይ ክኒኑን ዋጥኩ። የወንድሜ አከራይ ቤት እየኖርኩ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ በኋላም እዚያው አስተማሪ ሆንኩ። ቁስል አልወጣብኝም፤ ጣቶቼ ሙሉ ናቸው። በነዚያ ዓመታት አንድም ጠዋት ጣቶቼን ሳልቆጥር የተነሣሁበት ቀን ግን አልነበረም።

ሐኪሙ በቃሽ ባለኝ ዓመት አይከል ሄድኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአባቴ ጋር ስንወጣ አማቴ ይሆኑ የነበሩት ሰውዬ ፊት ለፊት መጡ። አባቴ ሰላም አላቸው። ፊታቸውን አዙረው አለፉ። ያን ሁሉ ዓመት እንዲህ ሲደረግበት እንደኖረ እናቴ ነገረችኝ፤ በማኅበር፣ በሠርግ፣ በለቅሶ «ቃሉን የበላው ቄስ» ነበር የሚሉት።

«አባባ፣ አሁን ድኛለሁ፤ እውነቱን ልንገራቸው» አልኩት።

«ምን ብለሽ?»

«እነሱ እንደሚሉት ዓይነት ሰው አለመሆንዎን።»

መንገዱ ላይ ቆመ። «ስለኔ ካወቁ ስላንቺም ያውቃሉ» አለ። «ስም ካጠፉ የኔን ያጥፉ።» ከዚያም የእናቴ ምሳ እንዳይበርድ ፈጠን እንበል ብሎ ቀደመኝ።